መንገዱ በዞረ ቁጥር

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴ፣ በወልድያና በመቀሌ አልፎ እስከ አሥመራ ይዘልቅ የነበረው አውራ ጎዳና በካርታ ላይ አንድ መስመር ነው። ደብረ ሲና ያደግን ሰዎች ግን ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግራችን እናውቀዋለን። መንገዱ የደብረ ብርሃንን ሜዳ ጨርሶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከዚያ ዋሻውን ሾልኮ በደብረ ሲናና በአርማንያ በኩል ሲወርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ነው። ከደጋው ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ሮቢት ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

ስለዚህ መንገድ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማን እንደሠራውና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ነው። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሳስበኝ የኖረው ግን ሌላ ነው፤ መንገዱ በዞረ ቁጥር ዳር ላይ የሚቀረው ሰው። በእኛ ቤት ከአያቴ ጀምሮ እስከ እህቴ ልጆች ድረስ ኑሮ የቀናውም የጎደለውም መንገዱ በመጣበትና በሄደበት ልክ ነው። ይሄዳል ብሎ ቀድሞ የነገረን ግን አልነበረም። ያወቅነው ሁልጊዜ ከሄደ በኋላ ነው።

አያቴ የአልዩ አምባ ሰው ነበረች። መኪና ከመምጣቱ በፊት ከሸዋ ደጋ ወደ ባሕር የሚወርደው ዋናው የንግድ መንገድ በጣርማ በር አያልፍም ነበር። ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ በአንኮበር ነበር የሚወርደው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴ ከተማ ነበረች። ከታጁራ የሚነሳው ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጨርቁንና መሣሪያውን ይዞ ይመጣል። ከዚህ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ደግሞም ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው፣ ባሪያ ተብሎ የሚሸጥ የሰው ልጅ ይወርዳል። አሞሌው ጨው ወደ ደጋ የሚወጣውም በዚያው ነው። እንግሊዛዊው ሻምበል ሀሪስ በ1833 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የተከተለው ያንኑ መንገድ ነበር።

ከዚያ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ ገባ፤ ግመሉ የሚያመላልሰውን ዕቃ ጠራርጎ ወሰደው። አያቴ ስለ አልዩ አምባ ገበያ ትልቅነት ከእናቷ ሰምታለች። በዓይኗ ያየችው ግን ከሳምንት ሳምንት እየሳሳ ሲሄድ ነው። ስታወራልን የሚቆጫት ገበያው መቀዝቀዙ ብቻ አልነበረም። ነጋዴዎቹ ይመለሳሉ እየተባለ ጎተራው ሳይፈርስ፣ በረቱ ሳይታረስ ስንት ዓመት እንደቆየ ነበር ደጋግማ የምታነሳው። ሰው የመንገድን መሄድ ቶሎ አያምንም።

ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ጣሊያን ሳይመጣ በፊት ነበረ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሻካራና ጠባብ ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ጦራቸው የወጡት በዚያ ነው፤ ወራሪው ወደ አዲስ አበባ የመጣውም በዚያው ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ከደሴ ሲነሳ፣ ያን ሁሉ ብረት ያቆመው የሸዋ ገደል ነበር። የኛ ሰዎች ጣርማ በር ላይ መንገዱን በድማሚት ናዱት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰለፈው ጦር መኪናውን አቁሞ ድንጋይ ሲደረድር፣ ገደል ሲሞላ ቆየ። ከዚያ በኋላ ነው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገባው። ስለ ጦርነቱ በተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ይህ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፎ ሳገኘው ያናድደኛል። እኔ ባደግሁበት አካባቢ ሽማግሌዎች የተናደበትን ቦታ በጣት ያሳዩ ነበር።

ጣሊያን ያንን ገደል ሁለተኛ ሊያምነው አልፈለገም። በሺህ የሚቆጠሩ የራሱን ሠራተኞችና የአገሩን ሰው አሰልፎ በሁለት ዓመት ግድም ውስጥ ተራራውን በሳው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ በሙሶሊኒ ስም ሰየመው። ስሙ ከሰውዬው ጋር ሄደ፤ ለእኛ የጣርማ በር ዋሻ ነው። የመኪናው መንገድ በዋሻው በኩል በደንብ ሲቆም ሰውም እየተከተለው መጣ። የአያቴ ባል አጋሰሶቹን ሸጦ፣ ቤቱን ነቅሎ ደብረ ሲና ወጣ። እናቴ እዚያ ተወለደች። ጠላት የሠራው መንገድ ነው ብሎ የተወው ሰው አላውቅም። አያቴ ስለዚህ ስትጠየቅ፣ ድንጋዩን የፈለጠው የኛ ሰው ነው ትል ነበር። ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

አባቴ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የገባው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ጠጋኝ አጥቶ ከዓመት ዓመት ይበላ ነበር። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። ባንኩ ለአፍሪካ ማበደር የጀመረው በዚያ ዓመት፣ በእኛው አገር ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የአሜሪካ የመንገድ ባለሙያዎችም መጥተው አደራጁት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አባቴ ጋ የደረሰው አንድ አካፋ፣ አንድ ዶማና አንድ የዝናብ ካፖርት ነበር። በቀን ሠራተኛነት ጀምሮ ካቦ ሆነ። የቡድኑ ድርሻ ከዋሻው አፍ ጀምሮ ወደ ታች እስከ አርማንያ የሚወርደው ጠመዝማዛ ነበር።

አስፋልት ሲጠግኑ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ጉድጓዱን ዝም ብሎ መሙላት የለም። በመጀመሪያ ዙሪያውን በመሮ እየቆረጡ አራት ማዕዘን ያደርጉታል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ካልቆመ የሞሉት ነገር በሳምንቱ ይነሳል። ቀጥሎ አቧራውን በመጥረጊያ ያወጡታል። እርጥበት ካለው ጨርቅ አስገብተው ያደርቁታል። በበርሜል ሥር እሳት ተለኩሶ ሬንጁ እስኪቀጥን ይፈላል። እጀታው በረዘመ ጭልፋ ይቀዳና የጉድጓዱ ግድግዳና ወለል ይቀባል። በላዩ ጠጠር፣ እንደገና ሬንጅ፣ በመጨረሻ ደቃቁ ጠጠር ይበተንበትና ሁለት ሰው በመደልደያ ይወቅጠዋል። አባቴ ተንበርክኮ መዳፉን ከአሮጌው አስፋልት ወደ አዲሱ ያንሸራትት ነበር። እጁን አንዳች ነገር ከያዘው ይፈነቀላል፣ እንደገና ይሠራል። ሬንጁ ከጥፍሩ ሥር ወጥቶ አያውቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እጆቹን ነጠላው ውስጥ ይሰውራቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ እንዲያወጣቸው እፈልግ ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ውኃን ነበር። «መንገድን የሚገድለው መኪና አይደለም፣ ውኃ ነው» ይለናል። ክረምት ሲገባ የእርሱ ሥራ ከመንገዱ ይልቅ ከመንገዱ በላይ ያለው ተረተር ነበር። የጎርፍ መውረጃው በደለል ከተደፈነ፣ ወይም ቱቦው ውስጥ ግንድ ከተሰነቀረ ውኃው አስፋልቱ ሥር ይገባል። ከላይ ምንም ሳይታይ ሆዱን ይቦረቡረዋል። አንድ ቀን ጭነት የያዘ መኪና ሲያልፍበት ተደርምሶ ይገኛል። ስለዚህ ሌሊት ዝናብ ከጣለ ፋኖሱን ይዞ ይወጣል። እናቴ ትቆጣለች። እርሱ ቦት ጫማውን እያሰረ፣ የማን መኪና እንደሚያልፍ አይታወቅም ይላታል።

ያ ተራራ የሚያሰጋው በውኃ ብቻ አልነበረም። እኔ ሳልወለድ በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ መጀቴን አፈረሰ፤ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎዳ። አውራ ጎዳናው ላይ አስፋልቱ ተሰነጠቀ፤ ከገደሉ የተለቀቀው ቋጥኝ መንገዱን ዘጋ። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ኃላፊ የነበሩት ፒየር ጉዊን ይህን መንቀጥቀጥ አጥንተው በመጽሐፋቸው መዝግበውታል። ሸዋና ወሎ የሚገናኙበት ይህ ተዳፋት የስምጥ ሸለቆው ከንፈር እንደሆነ፣ መሬቱም ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ ያወቅሁት በኋላ፣ ከመጽሐፍ ነው። የአባቴ ቡድን ወደዚያ ተልኮ ድንጋይ ሲያነሳ ከርሟል። ትልልቁን ስንጥቅ ሞልተው ሳይጨርሱ መሬቱ እንደገና ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ የተመለሱበት ቀን ሁሉም ሰው ቤቱ ገብቶ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ይናገር ነበር።

የልጅነቴ ደብረ ሲና የመኪና ከተማ ነበረች። ከአሰብ የሚመጣው ዕቃ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ ይወጣል። ከዚያ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሮቢት አድርጎ የኛን ዳገት ይይዛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ቦቴው ተጨመረ። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት መኪና እያረጀ ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለው ግን ተሳቢውን እየጎተተ ሲያቃስት ከአርማንያ በላይ ጀምሮ ይሰማናል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ ጎማ ጎን ይሮጣል። መኪናው ወደ ኋላ ከተንሸራተተ ታኮውን ሊያስገባ ያለው ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ ሾፌሩ የራሱን መብራት እንኳ አያይም። ረዳቱ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ መኪናው በሰው እርምጃ ይከተለዋል። ዋሻው አፍ ላይ ክላክስ አስረዝመው ይነፋሉ። ከወዲያ በኩል መልስ ካለ ቆመው ይጠብቃሉ። እኛ ልጆች የመኪናውን ዓይነትና አንዳንዴም ሾፌሩን ከክላክሱ እንለይ ነበር።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ ከነዚህ ሾፌሮች ጋር ትኖር ነበር ማለት ይቻላል። በመንገዱ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ነበራት። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች። ቆሎውና በሶው የደብረ ሲና ስም ነው፤ ዛሬም አውቶቡስ ሲቆም በመስኮቱ የሚዘረጋው እርሱ ነው። የእርሷ ግን ወጡና ትኩስ ዳቦው፣ ደግሞም አራቱ አልጋዎች ነበሩ። ማን ቃሪያ እንደማይበላ፣ ማን ልጅ እንደወለደ፣ ማን ደሴ ላይ ዕዳ እንዳለበት ታውቃለች። አሰብ የደረሰው መርከብ ምን እንደጫነ ከአዲስ አበባ ጋዜጣ በፊት አክስቴ ቤት ይነገራል። ከዚያ ቤት ገቢ ነው ትምህርት ቤት የተማርሁት፤ በኋላም ደሴ ወርጄ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት የገባሁት።

በ1965 ዓ.ም. ግን በዚያ መንገድ የመጣው መኪና ብቻ አልነበረም። የወሎ ሰው በእግሩ መጣ። መጀመሪያ ጥቂት ቤተሰብ፣ ቀጥሎ በርካታ ሰው፤ ሕፃን ያዘሉ፣ ሽማግሌ የሚደግፉ፣ አንዳንዶቹ እስከ አዲስ አበባ ለመድረስ የቆረጡ። ከእኛ በስተሰሜን፣ ወሎ ውስጥ፣ የተራበው ሰው አውራ ጎዳናው ላይ እየወጣ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ዓለም ጉዳዩን በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ከማየቱ ከወራት በፊት በዚያ መንገድ ያለፈ ሾፌር ሁሉ አይቶታል። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን በኋላ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር አለ፤ ሳነበው ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ነሳኝ። ወሎ በተራበበት በዚያው ጊዜ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ስለነበር እህሉ ወደዚያው ሄደ። የሄደውም አባቴ ጉድጓዱን እየደፈነ ያቆየው በዚሁ አስፋልት ላይ ነው። አባቴ ይህን በሕይወት ሳለ አልሰማም። ያን ሰሞን ግን የእርሱ ቡድን ሥራ ቦታ ምሳውን አብስሎ ግማሹን ለመንገደኛ ይሰጥ እንደነበር አውቃለሁ፤ እናቴ የምትቋጥርለት ዳቦ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ነበርና።

የመኪናው መሄድ የመጣው በዚያው በ1960ዎቹ ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚደርስ አዲስ አስፋልት ተሠራ። ለጭነት መኪና ጉዳዩ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በናዝሬትና በአዋሽ ወደ አሰብ የሚሄድ ሰው ጣርማ በርን መውጣት፣ ሮቢት ወርዶ ኮምቦልቻን እንደገና መውጣት፣ ባቲ ላይ ደግሞ መልሶ መውረድ የለበትም። ሜዳ ለሜዳ ይነዳል። ነዳጁ ይተርፈዋል፣ ፍሬኑ አይቃጠልም፣ ረዳቱ በታኮ አይሞትም። እኔ ዛሬ መንገድ አስጠኚ ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር፤ በዚህ ምንም ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ለደብረ ሲና ሰው አንድ ቃል አለመነገሩ ነው።

መኪናው በአንድ ቀን አልቀረም። በመጀመሪያ ቦቴው ሳሳ። ቀጥሎ ተሳቢ ያላቸው ጠፉ። የደሴና የመቀሌ ጭነት፣ አውቶቡሱም እንደ ድሮው ያልፋል፤ ስለዚህ የሆነውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደ። አክስቴ ዳቦውን ከአሥራ ሁለት ወደ ስምንት፣ ከዚያም ወደ አምስት አወረደችው። አንድ የሚያውቃት ሾፌር የደሴ ጭነት ይዞ ድንገት ሲመጣ፣ «እትዬ፣ እኛ እኮ አሁን በአዋሽ ነን» አላት። እርሷም፣ «ታዲያ ለምን ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም የተናገረችው። ሰውየው መልስ አጥቶ ለበላው እጥፍ ከፍሎ ሄደ። አባቴም በዚያ ሰሞን ሥራው እየቀለለው እንደሄደ አስተዋለ፤ ጉድጓዱ ቀንሷል፣ አስፋልቱ ያርፋል። ለመንገዱ ደስ ብሎት ነበር፤ በአክስቴ ቤት በኩል ሲያልፍ ግን ስለ ሥራው አያነሳም።

እናቴ ቤቱን ሸጣ አዋሽ ወይም ገዋኔ እንድትሄድ ለመነቻት። ሌሎች ሄደዋል። አክስቴ አልሄደችም። ሙቀቱን አልችልም አለች፤ እውነቱ ግን የአልዩ አምባን ታሪክ ከእናቷ ደጋግማ ሰምታ ነበር፤ በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ቤት መንቀል አልፈለገችም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። የቀሩትን አልጋዎች ለመንዝ ገበሬዎችና ለተማሪዎች አከራየች።

ቀጥሎ የመጡትን ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው፤ አብዛኛው አንባቢ ኖሮባቸዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእርዳታው ስንዴ ከአሰብ ወጥቶ በባቲ ወደ ኮረምና አላማጣ ሲጎርፍ የሰሜኑ አውራ ጎዳና ለጊዜው ነፍስ ዘራ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዓመታት ከመሸ የሚንቀሳቀስ መኪና አልነበረም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲለቀቁ የተበተነው የደርግ ሠራዊት ይህን ዳገት በእግሩ ወጥቶ በደጃችን አለፈ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ አሰብ ተዘጋች። የአገሪቱ ጭነት አብዛኛው ወደ ጋላፊ ታጥፎ ጅቡቲ ገባ። ከአሰብ ጋር የተያያዘ ኑሮ የነበራቸው የበረሃ ከተሞች አክስቴ ያየችውን በተራቸው አዩ። በዚያው በ1990ዎቹ የኛ መንገድ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ሰፋ፣ ኩርባው ተገራ። ከዚያ በስተሰሜን ደግሞ ከአላማጣ በመኾኒ ወደ ሂዋነ የሚወጣው አዲስ መንገድ የግራ ካሕሱንና የአምባላጌን ጠመዝማዛ ለሚሸሽ መኪና ሌላ በር ከፈተለት። ማይጨውና ኮረም ላይ ዳቦ የሚጋግሩትን ሴቶች ያኔ አሰብኳቸው።

አባቴ ያረፈው ከዚህ በፊት ነው፤ ስለዚህ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የደረሰውን አላየም። ከደብረ ሲና ዝቅ ብሎ ያለው ተዳፋት በሌሊት ተንሸራተተ። ማሳው፣ ቤቱና ዛፉ አብሮ ወረደ፤ ብዙ ሺህ ሰው ያለ መጠለያ ቀረ። ባለሙያዎች መጥተው መሬቱ ውኃ ጠግቦ እንደተንሸራተተ አጠኑ። አባቴ ከሰማይ የሚወርደውን ውኃ ብቻ አልነበረም የሚፈራው፤ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚያድረውን ጭምር ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ተጠጋ። እህቴ ቤቷን ዘግታ ደብረ ብርሃን ወጣች፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያንኑ ዳገት በእግሩ ይወጣ ነበር። ስትመለስ ቤቱ ቆሞ ነበር። በኋላም መንገዱ ለብዙ ጊዜ አልታመነም። ዛሬም ደሴ ለመሄድ የተነሳ ሰው ከመሳፈሩ በፊት መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብሎ ስልክ ይደውላል።

አሁን ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ። የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ግንባታውን ጀመረ። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ተዘርግቶ መደበኛ ሥራ ሳይጀምር ጦርነቱ ደረሰና ብዙ መሣሪያው ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ይህ ሐዲድ የሚያልፈው በቆላው ነው፤ ጣርማ በርን አይነካም። ከአንኮበር በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ አርባ የሚወርደው የመኪና መንገድ ደግሞ የአያቴን መንደር ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና መተላለፊያ ሊያደርጋት ነው። ቆላውም የራሱ ጣጣ አለው፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ከእነዚህ መስመሮች የትኛው እንደሚቀና ለመናገር አልደፍርም። በየመስመሩ ዳር ያለው ሰው ግን ዕቅዱን ቀድሞ የማወቅ መብት አለው፤ ይህን እስክሞት እላለሁ። አንድ ገጽ ማስታወቂያ ቀበሌ ላይ ቢለጠፍ አክስቴ ሦስት ዓመት ቀድማ ታስብበት ነበር።

የእህቴ የበኩር ልጅ ሮቢት ወርዶ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ከፍቷል። ቦታውን የገዛው ሐዲዱ ከሚያልፍበት ብዙ ሳይርቅ ነው። ባለፈው ዓመት ስሄድ ይዞኝ ዞረ። «ጋሼ፣ ባቡሩ ሲጀምር ጭነት የሚራገፈው እዚህ ነው» አለኝ። ካልጀመረስ አልሁት። «ካልጀመረም የደሴ መኪና አለልኝ፤ ሮቢት እንደሆነ በሁለቱም አትታለፍም።» የአክስቴን ነገር አነሳሁበት። አውቀዋለሁ፣ እናቴ ነግራኛለች አለና የደብረ ሲናውን ቤት እንዳልሸጡት ነገረኝ። ታናሽ እህቱ እዚያው መንገድ ዳር ቆሎና በሶ ታከፋፍላለች፤ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚሮጡት ልጆች ከእርሷ ነው የሚወስዱት። ሦስተኛዋ ደግሞ ዘንድሮ በጥቅምት ሰመራ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ የጅቡቲው መኪና ሁሉ በደጇ ነው የሚያልፈው።